ሳይመረመር አይፈረድ!



በመካከላችን አንድ ክፉ ልማድ ሥር ሰዷል። የፎርትራን ፕሮግራም የተሳሳተ ውጤት ባወጣ ቁጥር ተማሪው «ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው» ይላል፤ መምህሩም «ኮምፓይለር አይሳሳትም» ብሎ ያሰናብተዋል። ሁለቱም ምስክር ሳይሰሙ የሚፈርዱ ዳኞች ናቸው።

እስቲ የተማሪውን ክስ እንመርምር። በሰብሩቲን ውስጥ ድምር የሚባል ተለዋዋጭ ያውጅና በዚያው መስመር ዜሮ ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ጥሪ ውጤቱ ልክ ነው፤ በሁለተኛው ግን ድምሩ ከቀድሞው ላይ ይቀጥላል። ኮምፓይለሩ አብዶ ነውን? አይደለም! ከፎርትራን 90 ጀምሮ ደንቡ እንዲህ ለታወጀ ተለዋዋጭ «ሴቭ» የተባለውን ባሕርይ ይሰጠዋል። ይኸውም ዜሮው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ተለዋዋጩ የያዘውን አይረሳም ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ሕጉን ፈጸመ እንጂ አልበደለም። ዜሮው ከአዋጁ ወጥቶ በሥራው መስመር ቢጻፍ ነገሩ ባለቀ ነበር።

ከዚህ የባሰው «ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን የሚያፈጥንበትን ደረጃ ዝቅ አድርግ፣ ይስተካከላል» የሚለው ምክር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው! በሽታው ተደበቀ እንጂ አልዳነም።

መምህራንም ይስሙን። ኮምፓይለር የሰው እጅ ሥራ ስለሆነ ይሳሳታል። ጂፎርትራን «የውስጥ ስሕተት» ብሎ ሥራውን አቋርጦ ሲወድቅ፣ የቀረበለት ፕሮግራም ትክክል ሆነም አልሆነ፣ መውደቁ የራሱ ጉድለት ነው።

እንግዲህ እውነቱ በምን ይለያል? ፕሮግራሙ ጥፋቱን እስካሳየ ድረስ ይቆረጥ፤ ከመቶ መስመር አሥር ይቅር። እንደ «አሎኬተብል»፣ «ፖይንተር»፣ «ታርጌት» ያሉት ባሕርያት አንድ በአንድ እየተነሡ ጥፋቱ ከየትኛው ጋር እንደሚጠፋ ይታይ። በሌላ ኮምፓይለርም ይሞከር። በመጨረሻ ደንቡ ይነበብ፤ ሁለት ኮምፓይለሮች ቢስማሙም ሕግ የሚሆነው ደንቡ ነውና። ደንቡ ለተማሪው ከፈረደለት፣ ያቺን አሥር መስመር ለኮምፓይለሩ ሠሪዎች ይላክ፤ የጂፎርትራን የስሕተት መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው።

ጥያቄያችን አንድ ነው፦ በቤተ ሙከራ ነጥብ ለውጤቱ ብቻ ሳይሆን ለምርመራውም ይሰጥ። የአየር ጠባይ ትንበያ ዛሬም በዚህ ቋንቋ ይሰላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ልክ ውጤት ይዞ የሚመረቅ ተማሪ፣ ነገ ለገበሬው የሚነግረው ዝናብ ይዘንባልን?