ፓፓያው አበበ፤ ፍሬው የት ገባ?

በፍሎሪዳ፣ በደቡብ ቴክሳስ ወይም በደቡብ ካሊፎርኒያ የሚኖር ሐበሻ ጓሮ ያለው ቤት ሲያገኝ ከጎመኑና ከቃሪያው ቀጥሎ የሚያምረው ፓፓያ ነው። የአዲስ አበባን ስፕሪስ የለመደ ሰው፣ ከገበያ የገዛውን ፓፓያ በልቶ ዘሩን መጣል አያስችለውም። ዘሩ ይተከላል፤ ችግኙ ይመዘዛል፤ ዓመት ሳይሞላው ከባለቤቱ ቁመት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው ቅሬታው የሚመጣው፤ አበባው ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይታይም።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የአፈሩ ወይም የማዳበሪያው አይደለም። ፓፓያ በጾታው ሦስት ዓይነት ነው። ወንዴው አበባውን በረዣዥም ቀጫጭን ዘለላ ያንጠለጥላል፤ ፍሬ አይጠበቅበትም። የሴቴዋ አበባ ከግንዱ ጋር ተጠግቶ የሚወጣና ከሥሩ ያበጠ ነው፤ በአቅራቢያዋ የአበባ ዱቄት የሚሰጣት ተክል ከሌለ ግን አብዛኛው አበባዋ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ሦስተኛው ወንዴና ሴቴን በአንድ አበባ የያዘ በመሆኑ ብቻውን ቢተከልም ያፈራል። የሴቴዋ ፍሬ ወደ ክብነት ሲያደላ የዚህኛው ሞላላ ነው። ችግር የሚሆነው፣ እስኪያብቡ ድረስ ሦስቱን በዓይን መለየት አለመቻሉ ነው።

መላው ከዘር መረጣ ይጀምራል። ከሱቅ ሲገዛ ሞላላውን መምረጥ ይበጃል። ይህ ዓይነቱ ከራሱ ወይም ከመሰሉ ዳቅሎ የተገኘ ከሆነ፣ ከዘሩ ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ያህል ብቻውን የሚያፈራ ይሆናል፤ የቀረው ሴቴ ነው። ስለዚህ አንድ ችግኝ ብቻ ተክሎ ዕድልን ከመጠበቅ፣ በአንድ ቦታ ሦስት ተክሎ ሲያብቡ ጥሩውን አስቀርቶ ሁለቱን መቁረጥ ነው። ያደገ ተክል መቁረጥ ያሳዝናል፤ ፍሬ የሌለውን ዛፍ ሁለት ዓመት ውኃ ማጠጣት ግን የበለጠ ያሳዝናል።

ዘሩን የሸፈነው የሚያሟልጭ ሽፋን መብቀልን ስለሚያግድ በወንፊት ላይ ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያም በጥላ ይደርቃል። በሞቀ አፈር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ሥሩ መነካካት ስለማይወድ በትንሽ ዕቃ አድጎ፣ አፈሩ ሳይበተን ከነአፈሩ ወደ ጉድጓዱ ይዛወራል። ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝና ከነፋስ የተከለለ መሆን አለበት።

ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ ፓፓያን ከጥማት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚገድለው የውኃ ብዛት ነው። ውኃ በተኛበት መሬት ላይ ሥሩ በሁለት ቀን ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ዝናብ በሚበዛበት አገር አፈሩን ከፍ አድርጎ ቆልሎ በቁልሉ ላይ መትከል ያድነዋል።

ሌላው ጠላቱ ውርጭ ነው። ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ቅዝቃዜው ከበረታ ግንዱም ይሞታል። የዋሽንግተን ወይም የሚኒሶታ ነዋሪ በትልቅ ማሰሮ ተክሎ፣ ብርዱ ሳይገባ ወደ ቤት ማስገባት ይችላል፤ ሆኖም በመስኮት ብርሃን ቅጠሉ እንጂ ፍሬው እምብዛም አያስደስትም።

ቅጠሉ ቢጫ እየተዥጎረጎረ ከተኮማተረና በፍሬው ላይ የቀለበት ምልክት ከታየ፣ ክሽክሽ በሚባሉ ትንንሽ ነፍሳት የሚተላለፈው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመው ይነቀላል። በሐዋይ የፑና ወረዳ በ1992 ገብቶ ብዙ እርሻ ያጠፋው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ ገበሬዎቹ ያገገሙት በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ በ1998 ከተሰጣቸው በኋላ ነው።

በሞቃት አገር ችግኙ ከተዛወረ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ፍሬ ይደርሳል። ልጣጩ ላይ ቢጫ መስመር ሲታይ ተቆርጦ በቤት ውስጥ ይበስላል። ከጥሬው የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ጥሬውን እንዳትበላ ይመከራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዛፉ እየረዘመ ምርቱ ስለሚቀንስ፣ አሮጌው ገና እያፈራ ሳለ አዲስ ችግኝ ያዘጋጀ ሰው ከፓፓያ አይለይም።