መስኮቱ ሲነጣ ካሸሯ ትከፍላለች

ጎረቤቴ ባለፈው ወር ከደሞዟ ላይ 1,840 ብር ተቆረጠባት። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? አንዲት ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫኗ!

ጎረቤቴ (ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልጠራም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው) ካሸር ናት። መስኮት ቁጥር 3 ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ብር ትቀበላለች፣ ደረሰኝ ትሰጣለች። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ ከበር በወጣበት ሰዓት፣ የአንድ አዛውንት ክፍያ አስገብታ “መዝግብ” የምትለዋን ቁልፍ ክሊክ አደረገች። ዝም። ቁልፏ እንደተጫነች ቀረች።

“ልጄ፣ አላለቀም እንዴ?” አሉ አዛውንቱ።

“አንዴ ይታገሱኝ አባባ” አለችና ደግማ ክሊክ አደረገች። አሁንም ዝም። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ያለው መስኮት ነጣ፤ ግንባሩ ላይም በእንግሊዝኛ “ምላሽ እየሰጠ አይደለም” የሚል ተለጠፈበት። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ “በቃ፣ ሲስተም የለም!” ብሎ ተነፈሰ።

ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ፕሮግራሙ ነፍስ ዘራ፤ ማተሚያውም ሁለት ደረሰኝ ተፋ። አንዱን ለአዛውንቱ ሰጠች፤ ሌላውን “ኮፒ ነው” ብላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ኮምፒዩተሩ “ሁለት ክፍያ ተቀብለሻል” አላት። መሳቢያው ውስጥ ያለው የአንዱ ብር ብቻ ነው። ጉድለት! ጉድለት ደግሞ በእኛ አገር ማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ።

አቤት አለች። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ተጠየቁ። መልሳቸው አንድ መስመር ነው፦ “ተጠቃሚዋ ቁልፉን ደጋግማ ስለተጫነች የተፈጠረ ስህተት ነው።”

የዛሬው ጽሑፌ ከዚህች አንድ መስመር ጋር የሚደረግ ጠብ ነው። ስህተቱ የካሸሯ አይደለም። የኔትወርኩም አይደለም። ስህተቱ መስኮቱን የሠራው ሰው ነው፤ መስኮት እንዴት እንደሚሳልና እንዴት እንደሚታደስ እያወቀ ችላ ያለው፣ ወይም ሊያውቅ ሲገባው ያላወቀው ሰው!

ፕሮግራመር አይደለሁም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ጉዳዩን ያነሳሁለት አንድ ፕሮግራመር ወዳጄም “ተዪው፣ ቴክኒካል ነገር ነው” ብሎኛል። ጋዜጠኝነት ካስተማረኝ ነገር አንዱ ግን “ቴክኒካል ነው” የሚል መልስ ሲሰጥሽ ወንበርሽን ስበሽ መቀመጥ እንዳለብሽ ነው። ተቀመጥኩ።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። አብሮት የሚመጣ ቲኪንተር የሚባል የመስኮት መሥሪያ አለ። በአንድ ምሽት ሃያ በማይሞላ መስመር አንዲት መስኮት ሠራሁ። አንድ ቁልፍ፣ አንድ የጽሑፍ ቦታና አንድ ቆጣሪ አላት። “ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ ‘እየመዘገብኩ ነው፣ ይጠብቁ’ ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ 4 ሰከንድ ተኚ፤ ከዚያ ቆጣሪው ላይ አንድ ጨምሪ፤ በመጨረሻ ‘ተመዝግቧል’ ብለሽ ጻፊ” አልኳት። አራቱ ሰከንድ የሩቁን ሰርቨር መጠበቂያ መሆኑ ነው።

ክሊክ አደረግኩ። “ይጠብቁ” የሚለው ጽሑፍ ጨርሶ አልታየም! ትእዛዙ ከሁሉም የቀደመው መስመር ላይ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ግን የለም። 4 ሰከንድ ዝም ብላ ቆየችና በቀጥታ “ተመዝግቧል” አለችኝ። ደግሜ ሞከርኩ። አሁን ተኝታ ሳለ እንደ ጎረቤቴ ትዕግሥት ያጣሁ መስዬ ሦስት ጊዜ ጨመርኩባት። ስትነቃ አንድ በአንድ ሁሉንም ሠራቻቸው። ቆጣሪው 4። አንድ ክፍያ፣ አራት ምዝገባ። እንቅልፏን ወደ 30 ሰከንድ ሳሳድገውና ክሊክ ሳበዛባት ደግሞ ነጣች። የመስኮት ቁጥር 3ን ጉድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠራሁት ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙዎቻችን የኮምፒዩተር መስኮት ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ይመስለናል፤ አንዴ ከተጻፈ እዚያው የሚኖር። አይደለም። መስኮቱ ውስጥ የምናየውን የሚስለው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ የሚስለውም ተራው ሲደርስ ነው። አንድ ቦታ ሲለወጥ “ይህ ቦታ አርጅቷል፣ እንደገና ይሳል” የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱም ወረፋ ይይዛል። እዚያው ወረፋ ላይ የማውዙ ክሊክ አለ፣ የኪቦርዱ ምት አለ፣ “መስኮቱን ወደዚያ አንቀሳቅሰው” የሚለው አለ። ይህን ሁሉ የሚያስተናግደው አንድ ሠራተኛ ነው። ፕሮግራመሮች ዋናው ትሬድ ይሉታል። አንዱን ያነሳል፣ ይጨርሳል፣ ቀጣዩን ያነሳል። ልክ እንደ ጎረቤቴ።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ “እንደገና ሳል” የሚለው መልእክት የሰልፉ ጭራ ነው። ተራ የሚደርሰው ወረፋው ውስጥ ሌላ መልእክት ሲታጣ ነው። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ አሥር ነገር ሲለወጥ አሥር ጊዜ ከመሳል ለውጡን አጠራቅሞ አንዴ መሳል ስለሚሻል ነው። ግን ትርጉሙን አስተውሉ። እኔ “ይጠብቁ ብለሽ ጻፊ” ስላት ወዲያው አልሳለችም፤ “እሺ፣ ተራው ሲደርስ” ብላ ማስታወሻ ያዘች እንጂ። ከዚያ ሠራተኛው ተኛ። ሲነቃ ጽሑፉ “ተመዝግቧል” ሆኗል፤ የሚስለውም ያንን ነው። “ይጠብቁ” የሚለው ጽሑፍ ራሱ ሲጠብቅ ቀረ!

ሠራተኛው ወንበሩ ላይ በሌለበት ጊዜ ዊንዶውስ 5 ሰከንድ ያህል ይታገሳል። ከዚያ እውነተኛውን መስኮት ደብቆ በቦታው ምስሉን ያቆማል። ነጣ ብሎ የምናየው እሱ ነው፤ ፕሮግራመሮቹም የሙት መንፈስ የሚል ስም አውጥተውለታል። ከዚያ በፊት የተደረጉት ክሊኮች ግን አልሞቱም። ወረፋቸውን ይዘው በጨዋ ደንብ ቆመዋል። ጎረቤቴ ሁለተኛውን ክሊክ ያደረገችው መስኮቱ ከመንጣቱ በፊት ነበር። ሁለተኛው ደረሰኝ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ሰበቦቹ እንሂድ።

የመጀመሪያው ሰበብ “ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነው” ይላል። እንግዲህ ስለ እርጅና ካወራን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ እናንሳ። ሜሞሪው 128 ኪሎባይት ነበር። ጥቁርና ነጭ የሆነው ስክሪኑ 512 በ342 ነጥብ ነው፤ የስክሪኑ ምስል ብቻ 22 ኪሎባይት ገደማ፣ ማለትም የሜሞሪውን አንድ ስድስተኛ ይበላል። የእያንዳንዱን መስኮት ምስል ማስቀመጥ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ቢል አትኪንሰን ኩዊክድሮው በተባለው ሥራው የትኛው ቁራጭ እንደተገለጠ በትክክል የሚያሰላ ዘዴ ሠራ፤ ፕሮግራሙም ያችን ቁራጭ ብቻ እንደገና እንዲስል ይጠየቃል። የድህነት ዘመን ብልሃት ነው፤ ግን ሠርቷል። ዛሬ ካሸሯ ፊት ያለው “አሮጌ” ኮምፒዩተር ከዚያ ማሽን በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ሜሞሪ አለው። ከማክ ኦኤስ ኤክስ (እ.ኤ.አ. 2001) እና ከዊንዶውስ ቪስታ (ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007) ወዲህማ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ የየመስኮቱን ምስል ይይዛል። የሚይዘው ግን የመጨረሻውን ምስል ነው። ክፍያው ከምን እንደደረሰ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። የትናንት ዜና በጥሩ ወረቀት ስለታተመ የዛሬ ጋዜጣ አይሆንም።

ሁለተኛው ሰበብ “የአገራችን ኔትወርክ ቀርፋፋ ነው” የሚለው ነው። ነው! ማን ካደ? ይህ ግን ሰበብ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቸኛውን ሠራተኛ ሰርቨር ዘንድ አይልክም። በየቢሮው በሚሠራበት የማይክሮሶፍቱ የዳታቤዝ ማገናኛ፣ ፕሮግራመሩ ካልቀየረው በቀር፣ ግንኙነት ለመክፈት የሚጠበቀው 15 ሰከንድ፣ የአንድ ትእዛዝ መልስ የሚጠበቀው ደግሞ 30 ሰከንድ ነው። ዊንዶውስ የሚታገሰው 5 ሰከንድ ነው። ስሌቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሰውስ ስንት ይታገሣል? ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ቁጥሮች አስቀምጧል፦ እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ሰው ነገሩ ወዲያው የሆነ ይመስለዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱን ያስተውላል እንጂ ሐሳቡ አይቋረጥም፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ከሆነ ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አዛውንት ፊቷ ቆመው፣ ሰልፉ እያጉረመረመ፣ ምንም ምልክት የማይሰጥ ቁልፍ ላይ ደግማ የተጫነች ሴት ጤነኛ ሰው ናት!

ሦስተኛውና እውነተኛው ሰበብ “ሥራ ይበዛል፣ ደንበኛው ለዚህ አይከፍልም” የሚለው ነው። እስቲ ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሠርቼዋለሁና። አንደኛ፣ ቁልፉ እንደተጫነ እንዳይጫን አድርጊው። ሁለተኛ፣ ረጅሙን ሥራ ለሌላ ትሬድ፣ ለተላላኪ ስጪ፤ ዋናው ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ይቆይ። ሦስተኛ፣ ተላላኪው መልሱን ሲያመጣ ለዋናው ሠራተኛ ይንገረው፤ መስኮቱን የሚስለው እሱ ነው። ተላላኪው ራሱ ብሩሽ አንሥቶ መስኮቱን መንካት የለበትም፤ ሁለት ሰው አንድ ሥዕል ላይ ሲጣላ ውጤቱ ሌላ ብልሽት ነው። በእኔ ፕሮግራም ላይ ይህ ሁሉ የጨመረው አሥር ያህል መስመር ነው። እንደገና ሞከርኩት። “እየመዘገብኩ ነው፣ ይጠብቁ” ብላ ጻፈች፤ ቁልፉ ደበዘዘ፤ አሥር ጊዜ ደበደብኩት፤ ቆጣሪው 1። መስኮቷን ይዤ ስክሪኑ ላይ አዞርኳት፤ ዞረች።

አዲስ ግኝትም አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ዶትኔት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ተላላኪ እ.ኤ.አ. በ2005 አቅርቧል፤ ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2006። ሃያ ዓመት! ይልቅ ልማድ የሆነው አቋራጭ ሌላ ነው። ከቪዥዋል ቤዚክ ዘመን የመጣ “ዱኢቨንትስ” የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሠራተኛውን በሥራው መሐል “ቀና ብለህ ወረፋውን አስተናግድ” ይለዋል። መስኮቱ አይነጣም፣ ደንበኛው ይደሰታል። ነገር ግን ወረፋው ውስጥ ሁለተኛው ክሊክ ካለ እሱም ይስተናገዳል፤ የመጀመሪያው ክፍያ ሳያልቅ ሁለተኛው ይጀመራል። ቁልፉን ሳይዘጉ ይህን መጠቀም ቁስሉን በሻሽ ሸፍኖ ዳነ እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ልመን። መስኮቱ ቢስተካከልም ዳታቤዙ የራሱ ግዴታ አለበት። ለአንድ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ሁለተኛውን “ይህን መዝግቤዋለሁ” ብሎ መመለስ አለበት። ኬብል ተበጥሶ መልሱ መንገድ ላይ ሲጠፋ የሚያድነው ይህ ብቻ ነው። እሺ። ግን ይህን ክርክር የሚያነሱልኝ ሰዎች ሁለቱንም ሳይሠሩ ነው ካሸሯን የከሰሱት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለፕሮግራመሮቹ ብቻ አይደለም፤ ለሚገዙትም ጭምር ነው። የጨረታ ሰነዶቻችሁ ላይ ስለ ሜሞሪ፣ ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ዋስትና ገጽ ሙሉ ትጽፋላችሁ። አንድ መስመር ጨምሩ፦ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት በክፍያው መሐል የኔትወርኩ ኬብል ይነቀል። መስኮቱ ይንቀሳቀሳል? ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይናገራል? አምስት ጊዜ ክሊክ ሲደረግ፣ ኬብሉም ሲመለስ ስንት ክፍያ ይመዘገባል? ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ኮሚቴም አያስፈልገውም። ያለፈ ይከፈለው፤ የወደቀ ይመለስ።

እስከዚያው ግን፣ በነጣ መስኮት ምክንያት የሚመጣ ጉድለት ከካሸር ደሞዝ መቆረጡ ይቁም። ሁለቱ ደረሰኞች በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው፣ በአንድ መጠን መውጣታቸውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይመሰክራል። የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው።

“ሲስተም የለም” ሲሉን ለምደን ዝም እንላለን። እዚያ መስኮት ቁጥር 3 ላይ ሲስተሙ ነበረ። ሥራ ላይ ነበረ። መናገር ብቻ ነው ያቃተው፤ ዝምታው ያስከፈለውን 1,840 ብር ደግሞ የከፈለችው ምንም ያልነገራት ጎረቤቴ ናት።

ቸር ይግጠመን!