ምራቅ ስም አይናገርም

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ያዮ፣ የጎረቤቴ ልጅ ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። አያቱ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው እዚሁ ኢሉባቦር ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ። ውጭ አገር ያለች አክስቱ የዘረመል ምርመራ ልታሠራለት አስባለች። “የአያቴን አገር ይነግረኝ ይሆን?” አለኝ።

ምርመራው በምራቅ ውስጥ ያለውን ዘረመል ቀድሞ ከተመረመሩ ሰዎች ዘረመል ጋር ያነጻጽራል። ሰፊ አካባቢን ይጠቁማል፤ የተመረመረ ዘመድ ካለም ያገናኛል። የአያቱን መንደርና የቅድመ አያቱን ስም ግን አይናገርም። የሕዝብ ቆጠራውም አይረዳውም። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ነው፤ አያቱ ያን ጊዜ ገና በቀዬአቸው ስለነበሩ እዚያው ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። ለሕዝብ የወጣው ግን ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመርነው ገና በ2008 ነው።

ስም በወረቀት ላይ መስፈሩ ምን እንደሚያደርግ የቢሾ ጃርሳ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ካስጣላቸው የኦሮሞ ልጆች አንዷ ነበረች። ልጆቹ በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ሚሲዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ የወላጆቹን ስም፣ አገሩንና የተማረከበትን ሁኔታ ጠይቀው ጽፈዋል። የቢሾ የልጅ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን በመቃወሙ በሮበን ደሴት 10 ዓመት ታስሯል። ዛሬ የአያቱ ታሪክ የሚነበበው ያኔ የጠየቀና የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው።

እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሕዝብ ነን። የዚህ አገር የኦሮሞ ሽማግሌም የዘር ሐረጉን በቃሉ ይወርዳል። መዝገባችን በሰው አፍ ላይ ነው፤ ያ ሰው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት፤ ምርመራውን አትተው፣ ግን መጀመሪያ ከአያትህ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡትን እናት ሄደህ ጠይቃቸው።

እናንተም አባት እናታችሁን፣ ካሉም አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። የአባታቸውን አባት ስም፣ የመንደራቸውን ስም፣ አያቶቻቸው የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መካነ መቃብር በደብተር ጻፉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ገጽ ይሞላል።