የአድመኛው ወንበር ባዶ ይቆይ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ)፤ ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ

ጉዳዩ፦ በሥራ ማቆም አድማ ጊዜ ምትክ ሠራተኛ ማስገባትን ይመለከታል

ሠራተኛ በሕግ አግባብ ሥራ ሲያቆም አሠሪው በወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ማስቀመጥ ይችላል ወይስ አይችልም? ይህ ግልጽ ደብዳቤ ከእንጅባራ ወደ ሚኒስቴሩ የሚላከው ለዚህ አንድ ጥያቄ በማያሻማ ቋንቋ የተጻፈ መልስ ለመጠየቅ ነው።

ጥያቄው ከአዊ ዞን መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዲግሪውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚዞር ወጣት ብዙ ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ያስመርቃል፤ የተመራቂው ሁሉ እንጀራ ግን አልተዘጋጀም። የትኛውም መሥሪያ ቤት አድማ ቢመታ ወንበሩን እንዲሞላ የሚጠራው ይኸው ወጣት ነው። እሺ ቢል የሌላውን ትግል ይሰብራል፤ እምቢ ቢል እናቱ ቤት ተመልሶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ምርጫ ፊቱ የሚደቀንበትን ልጅ «አድማ ሰባሪ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ተጠያቂው ግን ምርጫውን ያዘጋጀለት ወገንና ሲያዘጋጅለት ዝም ያለው ሕግ ነው።

ነገሩ በፖስታ ቤት በኩል ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ተቋቁሞ በ1901 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል። ደንበኛው የሚያውቀው መስኮቱንና የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ነው፤ ከመስኮቱ ጀርባ የሚሠራው አይታየውም። ቴምብሩ ላይ የቀን ማኅተም ይመታል። ደብዳቤው በየከተማው ይለያል። የአደራ ደብዳቤ ከሆነ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የሰጠም የተቀበለም ይፈርማል። ከረጢቱ ታስሮ ይታሸግና ለመኪና ይሰጣል። ልምድ ያለው ለያይ እጁ ከዓይኑ ይቀድማል፤ ጀማሪው ግን በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ ቆም ብሎ አድራሻ ያነባል።

የዚህ ሠራተኛ መብት በየዘመኑ ሲጠብና ሲሰፋ ኖሯል። በ1985 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42 ፖስታን ከባንክ ጋር አድማ ከማይመታባቸው አገልግሎቶች ተርታ መድቦት ነበር። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ዝርዝሩ ከልክ በላይ ሰፊ ነው ሲል ደጋግሞ ወቅሷል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አየር ትራንስፖርትን፣ መብራትን፣ ውኃንና የከተማ ጽዳትን፣ ሆስፒታልን፣ እሳት አደጋን፣ ቴሌንና የመሳሰሉትን ይዘረዝራል፤ ፖስታ ግን ከዝርዝሩ ወጥቷል። ስለዚህ የፖስታ ሠራተኛ ቅር ሲለው አድማ መምታት በሕግ ይችላል።

መንገዱ ግን ረጅም ነው። በመጀመሪያ በእርቅ ለመፍታት መሞከር አለበት። ቀጥሎ ከሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት። ከዚያም ለአሠሪውና ለሚመለከተው መንግሥታዊ አካል ከ10 ቀን በፊት ማስታወቅ ይኖርበታል። ሕግ አውጪው እነዚህን 10 ቀናት የሰጠው ሁለቱ ወገኖች ተቀራርበው እንዲነጋገሩ ነው፤ ዓላማውም መልካም ነው። ምትክ ማስገባት የማይከለከል ከሆነ ግን አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከመደራደር ይልቅ ሥራ ፈላጊ መመዝገብ ይቀለዋል። ያኔ ሕጉን አክብሮ ያስጠነቀቀው ሠራተኛ በራሱ ማስጠንቀቂያ ይጎዳል። ሚኒስቴሩ ሌላውን ሁሉ ቢተው እንኳ ይህችን ነጥብ እንዲመረምር ይለመናል።

በፖስታ ቤት ምትክ ማስገባት ምን እንደሚመስል ኒውዮርክ አይታለች። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1970 የኒውዮርክ ደብዳቤ አዳዮች ሥራ አቆሙ። ጀማሪ አዳይ በዓመት 6,176 ዶላር ያገኝ ነበር፤ 21 ዓመት አገልግሎም ከ8,442 ዶላር አያልፍም። አድማው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ 200,000 የሚሆኑ ሠራተኞችን አቆመ። የአሜሪካ ሕግ ለፌዴራል ሠራተኛ አድማን ፈጽሞ ይከለክል ስለነበር ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወታደሮችን ወደ ኒውዮርክ ፖስታ ቤቶች ላከ። ወታደር ታዛዥ ነው፣ ጉልበትም አለው፤ ነገር ግን በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ የመንገድ ስሞችና ቁጥሮች ፊት ግራ ገባው፤ የደብዳቤው ክምርም እምብዛም አልጎደለም። አድማው በስምንት ቀን ገደማ ያበቃው በድርድር ነው። ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ አገኘ፤ አንድም ሰው በአድማው ምክንያት አልተባረረም። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የወጣው ሕግም የፖስታ ሠራተኞች ማኅበራት በደመወዝ ላይ በኅብረት የመደራደር መብት እንዲያገኙ አደረገ፤ የአድማ ክልከላው ግን እንዳለ ቀረ።

የለንደኑ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የቆሙት ፖስተኞች ለራሳቸው ደመወዝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1976 ግረንዊክ ከተባለ የፎቶግራፍ ፊልም ማጠቢያ ድርጅት ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወጡ። ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰደዱ ትውልደ እስያ ሴቶች ሲሆኑ ግንባር ቀደሟ ጃያቤን ደሳይ ትባል ነበር። ድርጅቱ ለማኅበራቸው ዕውቅና ነፈገ፤ እነርሱንም አባረረ፤ ከውስጥ በቀሩት ሠራተኞችም ሥራውን ቀጠለ። ይሁን እንጂ ደንበኞቹ ፊልማቸውን የሚልኩትና ፎቶአቸውን የሚቀበሉት በፖስታ ነበር። በአቅራቢያው በክሪክልውድ ፖስታ ቤት የሚሠሩ ለያዮች የዚያን ድርጅት ፖስታ አንነካም አሉ። መጀመሪያ በ1976 መጨረሻ፣ ኋላም በ1977 በጋ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በዚህም ከሥራና ከደመወዝ ታገዱ። በዚያው በጋ የድርጅቱ ደጋፊዎች እሽጎቹን በሌሊት አውጥተው በመኪና ከለንደን ውጭ ወስደው በየከተማው የፖስታ ሣጥን በተኑአቸው። ፖስተኞቹ በድርጅቱ ፖስታ ላይ የጣሉት እገዳ በዚህ ተሰበረ። የሴቶቹ አድማም በጁላይ 1978 ያለ ድል አበቃ። ከእንግሊዝ ሠራተኞች ታሪክ ግን የክሪክልውድ ለያዮች ስም አልተፋቀም፤ የማያውቋቸውን ስደተኛ ሴቶች እንጀራ ከራሳቸው ደመወዝ አስቀድመዋልና።

በአገራችንም መተባበር ሥራ የሠራበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው አጠቃላይ አድማ ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ሲካሄድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በየሙያቸው በአንድ ጊዜ ቆሙ። ሁሉም ከቆመ ማን በማን ቦታ ይገባል? መንግሥት በአራት ቀን ውስጥ ወደ ስምምነት የመጣው ለዚህ ነው።

ብቻውን የቆመ ሙያ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው በነሐሴ 2010 ታይቷል። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጉዳይ ሥራ አቆሙ። ጡረታ የወጡ ተቆጣጣሪዎች ተጠርተው ቦታቸውን ያዙ። የኬንያ የሙያ ባልደረቦቻቸው ማኅበር የበረራ ደኅንነት ያሰጋል ብሎ ድምፁን አሰማ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥጋቱን አስተባበለ። አድማው ተሰበረ፤ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎችም ታሰሩ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1981 ከ11,000 በላይ ተቆጣጣሪዎችን በአንድ ጊዜ አባርራ ሌላ ተክታለች፤ ፖስተኞቿን ግን በ1970 አላባረረችም። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ግን ፖስተኞቹን የሚተካ ሰው በአጭር ጊዜ አለመገኘቱ ነው። የሠራተኛ መብት ደግሞ ተተኪ በመገኘትና ባለመገኘት ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም።

የአየር ትራፊክ ቁጥጥርና ሆስፒታል የሰው ሕይወት የሚያዝባቸው በመሆናቸው አድማ ሊገደብባቸው እንደሚችል የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ይቀበላል። ይህ ደብዳቤም አይከራከረውም፤ ምጥ የያዛት እናት ዳንግላ ሆስፒታል ደርሳ አዋላጅ ልታጣ አይገባም። ድርጅቱ ግን ገደቡን የሚቀበለው በምትኩ ፈጣንና ገለልተኛ የግልግል ዳኝነት ሲኖር ነው። እንደ ፖስታ ባለው አገልግሎት በአድመኛ ቦታ ሌላ ሰው መቅጠርን ደግሞ የመደራጀት ነፃነትን ክፉኛ የሚጥስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 87ን ያጸደቀችው በ1955 ነው።

በአገራችን ትልቁ ክፍተት የመንግሥት ሠራተኛው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ ገበሬዎች፣ እንዲሁም የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው፣ ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙም በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ 30 ዓመት አልፎታል። እንጅባራ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ግን ዛሬም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ አትሸፈንም፤ አዋጁ አድማ ለተከለከለባቸው ድርጅቶች የሚያቋቁመው ጊዜያዊ ቦርድም የእሷን የደመወዝ ክርክር አይሰማም። በግንቦት 2017 በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ መኖሪያ ቤትና የጤና መድን ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ሕገ ወጥ ናችሁ አላቸው፤ በርካቶችም ታሰሩ። አቤቱታቸውን የሚወስዱበት ሌላ ሕጋዊ ደጅ ግን አልተመለከተላቸውም። ባለሙያው ያን ያህል ከመረረው ቀድሞ የሚሰማው አካል ቢኖር ኖሮ በሽተኛም ባልተጉላላ፣ ሐኪምም ባልታሰረ።

ለአዊ ሕዝብ መተጋገዝ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በ1932 የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላቱ በኀዘንም በደስታም የሚደራረሱበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ማኅበር ነው። ወንፈል የገባ ገበሬ የጎረቤቱን ተራ ለጉርሻ ብሎ አይሸጥም። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ወጣት የሌላውን ሠራተኛ ወንበር በደስታ አይወርስም፤ የሚያስገድደው ማጣት ነው። ሕግ ሊደርስለት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ምትክ ሆነህ አትቀጠር ቢለው ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ከመወራረፍ፣ በወገኖቹ ዘንድም አንገቱን ከመድፋት ያድነዋል። አድማው በስምምነት ሲያልቅ በሚከፈት አዲስ የሥራ መደብ በወግ ተወዳድሮ ይገባል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ሕጋዊው የማስታወቂያ 10 ቀን ከሚጀምርበት ዕለት አንስቶ አድማው እስከሚያበቃ ድረስ በአድመኞች ቦታ ሰው መቅጠርን፣ በኤጀንሲ ማስገባትንና ጡረተኛ መጥራትን በስም ጠርቶ የሚከለክል መመሪያ እንዲያወጣ፣ አዋጁ በሚሻሻልበት ጊዜም ይህ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ እንዲገባ ይጠየቃል። ሕይወት አድን በሆኑ አገልግሎቶች ሳይቋረጥ መቀጠል ያለበት አነስተኛ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው አስቀድመው በኅብረት ስምምነት ይወስኑት፤ ድንገተኛ ክፍሉንና ማዋለጃውን የሚይዙት ከራሳቸው ከባለሙያዎቹ መካከል የተመደቡ ይሁኑ። ሚኒስቴሩ በአንቀጽ 42 መሠረት የመንግሥት ሠራተኞችን የመደራጀትና የመደራደር መብት የሚወስነው ሕግ ተረቅቆ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲቀርብ ግፊት ያድርግ፤ በረቂቁ ላይም የእንጅባራ ነርስና የዳንግላ መምህር ቃላቸው ይሰማ።

ኢሠማኮም ከዚህ ጉዳይ ራሱን እንዳያገል አደራ ይባላል። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ነገ የእሱ አባላት የሚሆኑ ናቸውና በየዞኑ እየወረደ ስለ አድማና ስለ ምትክ ቅጥር ዛሬውኑ ያስረዳቸው።

የሚኒስቴሩ መልስ በደብዳቤ ተጽፎ፣ የክልሉ ቢሮ ባለበት ባሕር ዳር ብቻ ሳይቀር እንጅባራና ዳንግላ ባሉ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎቹ ጎን እንዲለጠፍ በአክብሮት ይጠየቃል።

እንጅባራ