ላሟን ሸጠው መብራት ከመግዛትዎ በፊት

«ዶክተር፣ ለልጄ ይህን ቀይ መብራት ልግዛለት ወይ?»

የጠየቁኝ ከጋይንት በኩል የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው ወታደር ነበር። ጭኑን በጥይት ተመትቶ፣ ታክሞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ ብሏል፣ ጡንቻውም ከስቷል። ዘመድ በስልኩ ቪዲዮ አሳያቸው፦ የውጭ አገር ወታደሮችና ስፖርተኞች ቀይ መብራት እየበራላቸው «ቶሎ አገገምን» ይላሉ። እናት ላማቸውን ሸጠው ሊገዙ ወስነዋል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ከደረሰ ወዲህ በደቡብ ጎንደር የቆሰለ ወጣት ያለበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ መልሴን ለሁላችሁም ልጻፍ።

መብራቱ ማታለያ ነው ወይ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ብርሃን የቆየ ሕክምና ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬም ሰውነታቸው ቢጫ የሆነ ጨቅላ ሕፃናትን ሆስፒታል ውስጥ በሰማያዊ መብራት እናክማለን። (ወላጆች፣ ሕፃኑ ቢጫ ከሆነ ቤት ውስጥ ፀሐይ እያሞቃችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ አምጡት።) ቀይ ብርሃንም በሴሎቻችን ውስጥ ኃይል የሚመረትበትን ክፍል ያነቃቃል ተብሎ ይታሰባል፤ በአሜሪካ ጦር የሕክምና ተቋማት ሳይቀር ይጠናል። ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም እንደቀነሰ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ ምንም ልዩነት ያላገኙም አሉ። አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ሮጠው በደከሙ ጤነኛ ወጣቶች ላይ ነው። የእኚህ እናት ልጅ ግን አልደከመም፤ ጉልበቱ ነው የደረቀው። የደረቀ መገጣጠሚያን የሚያላቅቀው፣ የከሳ ጡንቻን የሚመልሰው እንቅስቃሴ ነው። መብራት በልጁ ፋንታ እግሩን አያጥፍለትም። መብራቱ እስኪመጣ ተብሎ በሚጠበቀው ወር ደግሞ ጉልበቱ ይብሱን ይደርቃል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦

1. ስብራቱ መግጠሙን በራጅ አረጋግጡ። ከዚያ ሳትዘገዩ ፊዚዮቴራፒ ጀምሩ።

2. ባለሙያው ያሳየውን ቤት ውስጥ በየቀኑ ይሥራ። ለምሳሌ ጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አድርጎ፣ ጉልበቱን ወደ ታች ተጭኖ እስከ 5 መቁጠር፤ ይህን 10 ጊዜ መደጋገም።

3. ወጌሻ በኃይል እንዲያጥፈው አትፍቀዱ። ያልጠነከረ አጥንት እንደገና ሊሰበር ይችላል።

4. እግሩ ከደነዘዘ የሚያሞቅ መብራትም ሆነ የፈላ ውኃ አታስጠጉ። ነርቩ ስለተጎዳ መቃጠሉ አይታወቀውም።

5. ቁስሉ መግል ካወጣ፣ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አምጡት። አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በመብራት አይድንም።

6. እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ምስር ይብላ፤ በቂ እንቅልፍ ይተኛ፤ ሲጋራ ያቁም። ሲጋራ የአጥንትን መግጠም ያዘገያል።

ይህ ሁሉ በአፍ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ከጋይንት ደብረ ታቦር በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት ሰንፈው ሳይሆን የመኪና ሂሳብና ማደሪያ አጥተው ነው። ለዚህ ነው በከተማም በውጭ አገርም ላላችሁ ወገኖች የምናገረው፦ ለቆሰለ ወንድማችሁ መብራት ከመላክ የአንድ ወር የመመላለሻና የማደሪያ ወጪ ሸፍኑለት። በጤናው ዘርፍ ላላችሁ ኃላፊዎችም፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየወረዳው ሆስፒታል ቢኖር የብዙ ወጣት እግር ይድናል። በጥይት ያልጠፋ እግር በመንገድ ርቀት መጥፋት የለበትም።

ለእናትየውም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፦ «እናቴ፣ ላሟን አይሽጡ። ወተቷ ለልጅዎ ጡንቻ ከመብራቱ ይበልጣል። እርሱን ግን ሰኞ ይዘውት ይምጡ።»

የቆሰለ ልጅ ወይም ወንድም ላለው ሁሉ ይህን ጽሑፍ አጋሩት።