«ይህ የክፍለ ሀገራቱ ሥራ ነው» መልስ ይሆናል?

በካናዳ ፓርላማ የጥያቄ ሰዓት ተቃዋሚዎች ስለ ሆስፒታል ወረፋና ስለ ነርስ እጥረት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ደጋግመው ያፋጥጣሉ። ምላሹም የተለመደ ነው፤ ገንዘቡን ሰጥተናል፣ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድሩት ግን ክፍለ ሀገራቱ ናቸው። ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ይሟገታሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ አይደለም

የ1867ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሆስፒታል ማቋቋምንና ማስተዳደርን ለክፍለ ሀገራት መስጠቱን አልክድም። ነገር ግን ካናዳዊው «የእኔ» ብሎ የሚኮራበትን የጤና ሥርዓት አገር አቀፍ ያደረገው የኦታዋ፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት፣ ገንዘብና ሕግ ነው። ፌዴራሉ በ1957 የሆስፒታል ወጪን ግማሽ ያህል ለመሸፈን ሕግ አወጣ፤ በ1966 የሐኪም ክፍያን ጨመረበት። በ1984 የወጣው የጤና ሕግ ደግሞ ድጎማውን በአምስት ግዴታዎች አሰረው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሰው ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ሲዘዋወር የሕክምና ዋስትናው አብሮት እንዲሄድ ያዛል።

ይህ ሕግ ጥርስ አለው። ሐኪም ከመንግሥት ክፍያ በላይ ከታካሚ ኪስ ከወሰደ፣ የተወሰደው ዶላር በሙሉ ከክፍለ ሀገሩ ድጎማ ይቀነሳል። በ1986 ኦንታሪዮ ይህን ክፍያ ስትከለክል ሐኪሞቿ ከሦስት ሳምንት በላይ ሥራ አቆሙ፤ ክልከላው ግን ጸና። ለዚያ ክልከላ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የኦታዋ ቅጣት ነበር። ጥር 2023 የኦንታሪዮው መሪ ዳግ ፎርድ የዓይን ሞራ፣ የዳሌና የጉልበት ቀዶ ሕክምናን በመንግሥት ወጪ በግል ክሊኒኮች ለማስፋት ሲያቅዱ ጥያቄው ወደ ፓርላማ መምጣቱ ተገቢ ነው። ሕጉ መጠበቁን የሚቆጣጠረው ማን ሆነና? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምን እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደማይፈቀድ፣ ድጎማው በምን ጥፋት እንደሚቀነስ መናገር ነበረባቸው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው 2020ን ነው። በኮቪድ የመጀመሪያ ማዕበል ካናዳ ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ነበሩ። ኩቤክና ኦንታሪዮ ሠራዊት ጠየቁ፤ ኦታዋም ላከች። ወታደሮቹ በአንዳንድ የኦንታሪዮ መጦሪያዎች ያዩትን ቸልተኝነትና የንጽሕና ጉድለት ጽፈው ሲያቀርቡ አገር ደነገጠ። በቶሮንቶና በካልጋሪ እነዚያን አረጋውያን ከሚያነሱና ከሚያጥቡት መካከል የእኛ እናቶችና እህቶች አሉ፤ ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም። የመጦሪያ አገልግሎት በ1984ቱ ሕግ አልተካተተም። ይካተት፣ ቢያንስ አገር አቀፍ መመዘኛ ይውጣለት ሲባል ደግሞ የሥልጣን ድንበር ይጠቀሳል። ወታደር ለመላክ ያልጠበበ ሥልጣን መመዘኛ ለማውጣት እንዴት ይጠብባል?

ትክክለኛው መልስ ነው

ተሟጋቼ ስለ መጦሪያዎቹ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል። ታሪኩን ግን ከመሀል ነው የጀመሩት። ነጻ ሕክምና የተወለደው ሳስካችዋን ውስጥ ነው። ያች የስንዴ አገር በ1947 የሆስፒታል መድን ጀመረች። ሐምሌ 1962 መድኑ የሐኪም ክፍያንም እንዲሸፍን ስታደርግ ሐኪሞቹ ለ23 ቀናት ሥራ አቆሙ። የእቅዱ አባት ቶሚ ዳግላስ ወደ ፌዴራል ፖለቲካ ሄደው ስለነበር ማዕበሉን የተጋፈጡት ተተኪያቸው ውድሮ ሎይድ ናቸው። በ1964 ፓርቲያቸው በምርጫው ተሸነፈ፤ ሥራቸው ግን ጸንቶ ቀረ። ለእኔ ተጠያቂነት ይህ ነው። የወሰነው ሰው የውሳኔውን ዋጋ በራሱ መራጮች ፊት ከፈለ። ሥልጣኑ በኦታዋ እጅ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ትንሽ ክፍለ ሀገር ሌላው ሁሉ እስኪስማማ ትጠብቅ ነበር።

ኦታዋስ ቃሏን እንዴት ጠበቀች? በ1995ቱ በጀት የገንዘብ ሚኒስትሩ ፖል ማርቲን ለክፍለ ሀገራት የሚሰጠውን ድጎማ በእጅጉ ቀነሱ፤ የ1984ቱ ግዴታዎች ግን እንዳሉ ቆዩ። እኚሁ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ በ2004 ለአሥር ዓመት 41 ቢሊዮን ዶላር ሰጥተው ወረፋ አሳጥራለሁ አሉ። የማያስተዳድሩትን ሆስፒታል ወረፋ ነበር ቃል የገቡበት። ወረፋው ዛሬም አለ። ከዚያ ስምምነት የምወደው ክፍል ከኩቤክ ጋር የተደረገው ነው፤ ኩቤክ የራሷን እቅድ አውጥታ ውጤቱን ለገዛ ሕዝቧ እንድትገልጽ ተፈቀደላት።

በ2023ም ነገሩ ተደገመ። ክፍለ ሀገራቱ በጤና ወጪ ውስጥ የፌዴራሉ ድርሻ ከ22 በመቶ ወደ 35 በመቶ ከፍ ይበል አሉ። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በአሥር ዓመት 196 ቢሊዮን ዶላር አቀረቡ፤ ከዚህ አዲሱ ገንዘብ 46.2 ቢሊዮን ብቻ ነበር፣ መረጃ የመስጠት ግዴታም ታክሎበታል። ያኔ ፓርላማው ውስጥ በጃግሚት ሲንግ ይመራ የነበረው ፓርቲ «ፎርድን አስቁም» ሲል፣ የኩቤኩ ብሎክ ፓርቲ «ገንዘቡን ያለ ቅድመ ሁኔታ ስጥ» ይል ነበር። ሁለቱን የሚያስደስት መልስ አልነበረም። በእኔ እምነት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህን ያህል ሰጠሁ፣ በዚህ ስሌት ሰጠሁ፣ ወረፋውን ግን የክፍለ ሀገርህን መሪ ጠይቅ ቢሉ ለበሽተኛው እውነቱን ነገሩት። ኦታዋም ክፍለ ሀገሩም «እኔ ነኝ ኃላፊው» ሲሉ፣ መራጩ በምርጫ ቀን ማንን እንደሚቀጣ አያውቅም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ

ተሟጋቼ መረጃ መስጠትን እንደ ሸክም ቆጠሩት። በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ ካናዳ ውስጥ 44 ሰው ገደለ፤ ቶሮንቶ ተጨነቀች። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩት ባለሙያዎች በኦንታሪዮና በፌዴራሉ መካከል የመረጃ ልውውጡ ደካማ እንደነበር ጻፉ። መረጃ ሳይሰበሰብ ኩቤክ ከኦንታሪዮ ትሻል አትሻል እንዴት ይታወቃል? 22 በመቶ የሚለው ስሌትም ጎደሎ ነው። በ1977 ኦታዋ የራሷን ግብር ዝቅ አድርጋ፣ ክፍለ ሀገራቱ በዚያው ልክ የራሳቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ቦታ ለቃላቸዋለች። የክፍለ ሀገራቱ መሪዎች ድርሻውን ሲያሰሉ ያን አይቆጥሩትም። ይህን ለሕዝብ ማስረዳት ያለባቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ ቦታውም የጥያቄ ሰዓቱ ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ ምላሽ

ስለ ሳርስ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ወረርሽኝ ሲነሳ መረጃ መሰጠት አለበት፣ ለዚያ የድጎማ ማስፈራሪያ አያስፈልግም። የ1977ቱ ግብር ግን ለእኔ ይመሰክራል። የተለቀቀ ግብር የለቃቂው አይደለም። የማኒቶባ ሠራተኛ የግብር ቅጹን ሲሞላ የክፍለ ሀገር ግብር ለብቻው ተጽፎ ያያል፤ የሚወስነውም ዊኒፔግ ያለው መንግሥት ነው። ያ ሠራተኛ ጉልበቱን ለማስቀየር ወራት ሲጠብቅ ኦታዋ «ያም ገንዘብ የእኔ ድርሻ ነው» ብላ ብትቆጥረው፣ ዊኒፔግ ከጥያቄው የምታመልጥበትን በር ራሷ ከፈተችላት ማለት ነው።