«ተማሪ ካለ መምህር አይጠፋም»

በአዲስ አበባ የውዝዋዜና የዳንስ ማሠልጠኛ ያላቸው ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲጫወቱ ተደጋግማ የምትሰማ አባባል አለች፦ «ተማሪ ካለ መምህር አይጠፋም»። ሙሉው ንግድ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ግድግዳ የሚያክለው መስታወት፣ ባለቀለሙ መብራት፣ የቲክቶክ ገጹ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅርንጫፍ ሁሉ መነሻቸው ይህ እምነት ነው። ዋናው ተማሪ ማምጣት ነው፤ የሚያስተምር ወጣት ከተማው ሞልቷል ይባላል። ይህ እምነት መምህሩን ይበድላል፣ ባለቤቱን ያከስራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውዝዋዜያችንን እያሳነሰው ነው።

ሥራው የወቅት ሥራ መሆኑን አልክድም። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወላጆች ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ። በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ይመጣሉ፤ ለሠርጉ ዕለት የሚሆን ጭፈራ በሁለት ሳምንት ይዘው መውጣት ይፈልጋሉ። በመካከሉ ሁዳዴ አለ። 55 ቀን ሙሉ ሠርግ የለም፣ ክሊፕ የሚያሠራውም ይቀንሳል፣ አዳራሹ ጭር ይላል። የቤት ኪራዩ ግን ያው ነው፤ አከራዩ የሦስት ወይም የስድስት ወር በቅድሚያ ይጠይቃል። ታዲያ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚቆርጠው የመምህሩን ነው። መምህሩ የሚከፈለው በሰዓት ወይም በፐርሰንት ስለሆነ ክላስ ከሌለ ገንዘብ የለም። ሁዳዴ ሲገባ «ከፋሲካ በኋላ እንደዋወላለን» ተብሎ ይሸኛል። ከፋሲካ በኋላ ስልኩ ሲደወል ልጁ ሌላ ቤት ገብቷል፣ ወይም ራይድ እየነዳ ነው፣ ወይም ወደ ዱባይ የሚሄድበትን መንገድ እየፈለገ ነው።

ባለፈው ክረምት በአንድ ማሠልጠኛ የሕፃናት ክላስ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ለሃያ ልጅ በምትጠብ ክፍል ውስጥ አርባ ያህል ልጆች ነበሩ። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው፤ ልጆቹ በካልሲ ናቸው። ትምህርቱ የጉራጌ ጭፈራ ነው፤ እግር ሳያርፍ የሚነሳበት፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሁሉንም የሚሸከሙበት። የሚያስተምረው ወጣት ቀኝ ጉልበቱን በላስቲክ ፋሻ ጠቅልሎታል። ያ በዕለቱ ሦስተኛ ክላሱ ነበር፤ ከሱ በኋላም ሌላ ይጠብቀዋል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ስልክ በማቆሚያ ላይ ተደረገና የሚችሉት ስድስት ልጆች ፊት ለፊት ተሰለፉ፤ ሌሎቹ ወደ ኋላ ተገፉ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ ለቪዲዮው ነበር። ከኋላ የቀረች አንዲት ልጅ እግሯን እያየች ብቻዋን ትቆጥር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ ማንም አላረማትም። ማታ ወላጆች የሚያዩት ስድስቱን ነው።

ስለ ወለሉ ልዘርዝር፤ ባለቤቶች ከሁሉ አሳንሰው የሚያዩት እሱን ስለሆነ ነው። ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ የዝላይን ጫና አይቀበልም፤ ዘሎ ያረፈው ሰው የራሱን ክብደት በቅልጥሙ፣ በጉልበቱና በወገቡ ይመልሰዋል። ለልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ለመምህሩ ግን በቀን አራት ጊዜ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ነው። መፍትሔው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ሞራሌ በርብራብ ደርድሮ፣ ከሥሩ ጎማ ሰክቶ፣ ከላዩ ኮምፔንሳቶ መምታት ማንኛውም ደህና አናጺ የሚችለው ሥራ ነው። «ቤቱ ኪራይ ነው» የሚለው መልስም አያዋጣም፤ እንዲህ ያለ ወለል ተፈቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መስታወት ግን ሲነቀል ግማሹ ይሰበራል። ገንዘቡ መስታወቱ ላይ የሚፈሰው መስታወት በቪዲዮ ስለሚታይ ነው። ወለል አይታይም፤ የመምህሩ ጉልበትም አይታይም።

መምህሩ የዛሬ ስድስት ወር ጉልበቱ አልታጠፍ ቢለው ማን ያሳክመዋል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል፤ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ውል በጽሑፍ አለመኖሩም የሠራተኛን መብት አያስቀርም። ፕሮግራም አውጥቶ፣ ሰዓት ተቆጣጥሮ፣ ቲሸርት አልብሶ የሚያሠራ ባለቤት «እሱ እኮ ፍሪላንስ ነው» ሲል እሰማለሁ። ያንኑ ልጅ ሌላ ማሠልጠኛ እንዳያስተምር ግን ይከለክለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

አገራችን ለተወዛዋዥ ወርሃዊ ደመወዝ መክፈል ያልለመደች አገር አይደለችም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ተወዛዋዥን በቋሚ ሠራተኝነት ቀጥረዋል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ዛሬም ትንሽ ነው። ነገር ግን ሠርግ ኖረም አልኖረም በየወሩ ይመጣል፤ ስለዚህም ሰው መድረኩ ላይ ዕድሜውን ጨርሶ ለታናሹ አሳልፎ መስጠት ችሏል። የግል ማሠልጠኛዎቻችን ከእነዚህ ቤቶች አልባሳቱንና እንቅስቃሴውን ወስደው ደመወዙን ትተውታል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ስም አለ፦ መላኩ በላይ። በካዛንቺስ ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ከተመልካች በሚሰጠው ሽልማት እየኖረ፣ ማደሪያ አጥቶ እዚያው እያደረ ጨፍሯል፤ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከል አደረገው። ባለቤቶች ይህን ታሪክ ለወጣት መምህራን ይነግሯቸዋል፤ «ታገሥ፣ ስምህ ይወጣል» ለማለት። የመላኩን ጽናት ከልቤ አከብራለሁ። ግን አንድ ሰው ከመከራ መትረፉ መከራውን የሥልጠና መንገድ አያደርገውም። እዚያው የነበሩ፣ ያልተረፉ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ስንት ናቸው?

ሌላ መንገድ እንዳለም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን ወለደ። ልጆቹ የሠለጠኑት ለዓመታት ነው፤ ከመደነስ ጋር ማስተማርንም ተማሩ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ዛሬ «በአንድ ወር እስክስታ» እያልን ባነር ስንሰቅል፣ በዚሁ ከተማ ምንም ያልነበራቸው ልጆች በትዕግሥት ምን እንደሆኑ መርሳታችን ያሳዝነኛል።

የአንድ ወር ትምህርት የሚያስከትለውን እንመልከት። መምህር በየሁለት ወሩ ሲቀያየር አዲሱ ሰው ተማሪው የት እንደደረሰ አያውቅም፤ ስለዚህ ከትከሻ ይጀምራል። ተማሪው ትከሻን ሦስት ጊዜ ይማርና ይሰለቻል። የሸጎዬ አንገት፣ የወላይታ ወገብ፣ የጎጃምና የወሎ እስክስታ ልዩነት የሚመጡት ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ እዚያ የሚያደርስ መምህር ግን የለም። ሁሉም ለሠርግ ቪዲዮ በሚመች አንድ ዓይነት ጭፈራ ይመረቃል። አያቶቻችን አንድን ሰው በጭፈራው ብቻ አገሩን ያውቁ ነበር፤ እኛ ይህን ዕውቀት ገንዘብ እያስከፈልን እያጠፋነው ነው።

ሂሳቡም ቢሆን አያስኬድም። እንበልና አንድ ማሠልጠኛ በወር 60 ተማሪ መዝግቦ 40ው በወሩ መጨረሻ አቋርጦ ወጣ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ያህል ሰው ለማግኘት 40 አዲስ ተማሪ በማስታወቂያ፣ በቅናሽ፣ ለቲክቶከር በሚከፈል ገንዘብ መፈለግ አለበት። ጎረቤቱ 30 ብቻ መዝግቦ 25ቱን ዓመት ሙሉ ቢያቆይ በማስታወቂያ የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ በሁዳዴም ባዶ አይቀርም፣ ለሠርግ ሳይሆን ለመማር የመጣ ሰው በጾምም ይማራልና። እነዚያን 25 የሚያቆያቸው መስታወቱ አይደለም። በስማቸው የሚጠራቸው፣ ባለፈው ሳምንት ምን እንደተሳሳቱ የሚያስታውስ አንድ ሰው ነው።

ባለቤቶች የሚያነሱት አንድ ስጋት እውነት አለው፦ «መምህሩን አሳድገው ተማሪዬን ይዞ ይወጣል፣ ፊት ለፊቴ ይከፍታል»። ይህ ይሆናል፤ ሲሆንም አይቻለሁ። ግን ይዞ የሚወጣው የሚያጣው ነገር ስለሌለ ነው። በሰዓት የሚከፈለው፣ ፈቃድ የሌለው፣ የፈጠረው ኮሪዮግራፊ በቤቱ ስም የሚለጠፍበት ሰው ለምን ይቆያል? መነሻ ደመወዝ፣ ከተማሪ ብዛት የሚታሰብ ድርሻ፣ በሠራው ሥራ ላይ ስሙ፣ በሁዳዴም የማይቆም ክፍያ ያለው መምህር ለመልቀቅ ሁለት ጊዜ ያስባል። ጭር ያለውን ጊዜ ደግሞ ከቴአትር ቤት ጡረታ የወጡ ተወዛዋዦችን ጠርቶ መምህራኑን ማስተማሪያ ማድረግ ይቻላል። እነዚያ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ የሚያውቁትን የሚጠይቃቸው አጥተው ነው ዝም ያሉት።

ወላጆችም ከመክፈላችሁ በፊት መምህሩ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ እንደቆየ ጠይቁ፤ ወለሉንም ጫማችሁን አውልቃችሁ ርገጡት። ባለቤቱ ደግሞ ለሦስተኛው ቅርንጫፍ ያዘጋጀው የኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ለስንት መምህር የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን፣ ውሉን ሳይፈርም በዚህ ሁዳዴ ቁጭ ብሎ ያስላው።